የተቀበረ መብራት

አንዳንድ ጓደኞቼ የፊት መብራትን ወደ ፓራፋንጎ ውስጥ ቀብሮ መሥራት «ለጌጥ ብቻ ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሳምና ጆርጅ ባሪስ እ.ኤ.አ. በ1952 ካሊፎርኒያ ውስጥ የ1951 ሞዴል ሜርኩሪን ሲያድሱ የመብራቱን ክፈፍ ከላሜራው ጋር አንድ አካል አድርገውታል። ይሄ ትልቅ የእጅ ሙያ ነው።

ጣጣው ያለው ከጀርባ ነው። ክፈፉ ከተበየደ በኋላ አምፖሉ በየት ይወጣል? ጨረሩስ በምን ይስተካከላል? ጉድጓዱ ውስጥ የገባ ውሃና ጭቃ መውጫ ካጣ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል፤ እኛ የምንነቃው ቀለሙ ሲያብጥ ነው።

ስለዚህ ከታች የውሃ መውረጃ ቀዳዳ፣ ከኋላ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ሳይተው መብራት የሚቀብር ሰው ሥራውን ጨረሰ አልልም። እኛም ወርክሾፕ ውስጥ ሥራ ስንመዝን ፊቱን አይተን አናጨብጭብ፤ ኮፈኑን ከፍተን ጀርባውን እንይ። ማታ መንገድ የሚያሳየን ውበቱ ሳይሆን መብራቱ ነውና።