መጋዘኑ ደመና ላይ ነው፤ ቁልፉስ ማን ጋ ነው?

ከዳንግላ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ ነጋዴ ከማራገፉ በፊት የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። መጋዘኑ የማን ነው? ለጠባቂው ማን ዋስ ሆነ? እሳት ቢነሳ ማን ይከፍላል? የዚያው ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ፣ የዱቤ ዝርዝርና የደንበኞች ስም ዝርዝር የት እንደሚያድር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። “ክላውድ ላይ ነው” ከተባለ ሰውየው ረክቶ ይሄዳል። እንጅባራ ላይ ደመና ብርቅ አይደለም። ይህኛው ደመና ግን ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ቤት ነው።

ገበያው ከጠያቂው ቀድሞ ሄዷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም ያከራያል። በአዲስ አበባው የአይሲቲ ፓርክ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ኩባንያዎች ዳታ ሴንተር ከፍተዋል። ከውጭ የሚከራይ ደግሞ ሂሳቡን በዶላር ይከፍላል፤ ይህም ምን ማለት እንደሆነ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሁሉም አይቶታል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በወር 100 ዶላር የሚከፍል ድርጅት አንድ ጊጋባይት ሳይጨምር ወጪው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023፣ ብሮድኮም ቪኤምዌርን ገዛ፤ ብዙም ሳይቆይ አንዴ ከፍሎ ለዘለቄታው መጠቀም ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈል ኪራይ ሆነ።

ኦፕንስታክ የሚባለው ስም በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ሻጮች አፍ ላይ መዘውተሩ እንግዲህ አያስደንቅም። የአሜሪካው ናሳና ራክስፔስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩት ኦፕን ሶርስ የክላውድ ሶፍትዌር ነው። የአውሮፓው የኒውክሊየር ምርምር ማዕከል ሰርን ይሠራበታል። የፈቃድ ክፍያ የለውም። ይሁንና አዊ ላይ ፈረስ የማያውቅ የለምና፣ በስጦታ የመጣ ፈረስም ገብስ እንደሚበላ ለአገሬው ማስረዳት አያስፈልግም። የዚህኛው ገብስ ሌሊት ሲደወልለት የሚነሳ፣ ሊኑክስ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። እሱን ያልቀጠረ አከራይ “ነፃ ሶፍትዌር ነው የምንጠቀመው” ሲል፣ ተከራዩ ሊደሰት ሳይሆን ሊሰጋ ይገባዋል።

ለነጋዴው የሚጠቅሙት ሁለት ክፍሎቹ ናቸው። የመጀመሪያው ብሎክ ስቶሬጅ ነው፤ በኦፕንስታክ ውስጥ ሥራውን የሚመራው ሲንደር ይባላል። ነገሩ በኪራይ የሚያዝ የመጋዘን ክፍል ነው። ነጋዴው 100 ጊጋባይት ይጠይቃል፣ ተለክቶ ይሰጠዋል፣ ክፍሉም መዝገቡን ከሚያንቀሳቅሰው ሰርቨር ጋር ይገጠማል። ሰርቨሩ ቢበላሽ ክፍሉ ተነቅሎ ለሌላ ሰርቨር ይገጠማል፤ ዕቃው ከቦታው አይነቃነቅም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ጋር የሠራ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ቡናው መጋዘን እንዳለ ደረሰኙ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

ወጥመዱ በዝርዝሩ ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲሰረዝ የተገጠመው ክፍል ሳይሰረዝ ቀርቶ ኪራይ ሲቆጥር ሊኖር ይችላል። በተቃራኒውም ከሰርቨሩ ጋር አብሮ እንዲጠፋ ተደርጎ ተሞልቶ ይገኛል፤ ያን ጊዜ የዓመት መዝገብ በአንድ ጠቅታ ይሄዳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ውሉ ላይ ካልተጻፈ የተከራዩ ዕድል ነው። የዋጋው ጉዳይም አለ። ከኦፕንስታክ ጋር በብዛት የሚሠራበት ሴፍ የተባለው የማከማቻ ሶፍትዌር በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን መረጃ በሦስት ቅጂ ያስቀምጣል። አከራዩ 1 ቴራባይት ሸጠ ማለት 3 ቴራባይት ዲስክ ገዛ ማለት ነው። ቦታ የሚቆጥብ ሌላ ዘዴ መኖሩ አይካድም። ቢሆንም ከሌሎች በግማሽ ዋጋ የሚያከራይ ሲገኝ፣ የተቀነሰው ትርፉ ይሁን ቅጂው መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁለተኛው ክፍል ኢሜጅ ይባላል፤ ጠባቂው ግላንስ ነው። ኢሜጅ ማለት አዲስ ሰርቨር የሚበቅልበት ዘር ነው። ለዚህ የእንጅባራና የአካባቢው የድንች ነጋዴ ከአዲስ አበባው ባለሀብት የተሻለ ጆሮ አለው። ዘር ድንቹ የአጠውልግ በሽታ ካለበት ማሳው ሁሉ በሽታው ይኖርበታል፤ “በለጠ” ወይም “ጉደኔ” የሚለው ስም አያድነውም። ኢሜጁም እንዲሁ ነው። አንድ ስህተት ከገባበት፣ ከእሱ የተነሱ ሃምሳ ሰርቨሮች ሃምሳውም ስህተቱን ይዘው ይነሳሉ። ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ ተክለው ከሰል በማክሰል ኑሯቸውን ያሻሻሉ ገበሬዎችም በሽታ ሲገባ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ማሳው አንድ ዓይነት ዛፍ ነበር።

ለውጥ በአንድ ጊዜ ወደ ሁሉም ቦታ ሲለቀቅ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተፈጠረውን ሁሉም ያስታውሳል። ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ባንኩ መጠኑን ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ብሎ አስታውቋል፣ ምክንያቱንም ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር አያይዞታል። ባንኩ በኦፕንስታክ ይሠራል ለማለት አይደለም። ግን አዲሱን ዘር በትንሽ መደብ ሳይሞክር ማሳውን ሁሉ የሚዘራ ገበሬ የለም።

ከውጭ የመጣ ኢሜጅስ? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ይፋ በሆነ ጉድለት፣ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ የኢሜጅ ፋይል የጫነ ተከራይ የአከራዩን ሰርቨር ፋይሎች ማንበብ እንደሚችል ታወቀ። ጉድለቱ ሲንደርንም፣ ግላንስንም፣ ኖቫ የተባለውን ክፍልም ነክቷል። ማስተካከያው ወዲያው ወጥቷል፤ ማን እንደጫነውና ማን እንዳልጫነው ግን ከውጭ ሆኖ አይታይም። ግላንስ ለእያንዳንዱ ኢሜጅ እንደ ጣት አሻራ ያለ የማረጋገጫ ቁጥር ይይዛል። አከራዩ ቁጥሩን ያመሳክራል ወይስ አያመሳክርም የሚለው ጥያቄ ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም።

ሻጮች “ስናፕሾት በየቀኑ እናነሳለን” እያሉ ደንበኛ ሲያረጋጉ ይሰማል። ስናፕሾት ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ማከማቻ ላይ የሚያድር ምስል ነው፤ ማከማቻው ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባክአፕ ሌላ ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ቅጂ ነው፣ ሲንደርም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያውቃቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ ባለው የመንግሥት ዳታ ሴንተር እሳት ተነሳ። የመንግሥት ሠራተኞች ይጠቀሙበት የነበረው 858 ቴራባይት ማከማቻ ውጭ ያለ ባክአፕ አልነበረውምና ጠፋ። በቴክኖሎጂ የበለጸገችው ኮሪያ ናት ይህ የደረሰባት።

የአዊ ነጋዴ ጉዳይ ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለበት። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። መዝገቡ አዲስ አበባ ሦስት ቅጂ ይኑረው እንጂ፣ ዳንግላ ላይ ሆኖ ሊከፍተው ያልቻለ ሰው ዱቤውን የሚሰበስበው ከራሱ ትዝታ ነው። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ውል ከአዲስ አበባው ሊለይ ይገባዋል፤ ዋናው መዝገብ ዳታ ሴንተር ይደር፣ ወቅታዊ ቅጂው ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ያለ ኔትወርክ ይከፈት። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ተሰባስበው አነስተኛ ማከማቻ ቢያቆሙ፣ ባለሙያም ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች መካከል ቢፈልጉ የሚያስኬድ ሐሳብ ነው። ሁሉንም ቅጂ እንጅባራ አንድ ክፍል ውስጥ ማከማቸት ደግሞ የዴጆንን ጥፋት በትንሹ መድገም ይሆናል። የሰዎችን የግል መረጃ ከአገር ለማስወጣት የሚያስብም በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አስቀድሞ ማንበብ አለበት፤ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል።

ከመፈረም በፊት አንድ ሙከራ አለ፣ ወጪውም የአንድ ከሰዓት ጊዜ ነው። የገበያ ቀን ሲበተን የአከራዩን ባለሙያ ጠርቶ ያለፈውን ሳምንት መዝገብ ከባክአፑ አውጥቶ በባዶ ሰርቨር ላይ እንዲከፍተው መጠየቅ። ሰዓት ይያዝበት። ሁለት ሰዓት ከፈጀ ሁለት ሰዓት ተብሎ ውሉ ላይ ይስፈር፤ ሳይከፈት ከመሸ ደግሞ ቀብዱ ኪስ ውስጥ ይቆይ።