እንግዳችን ጢያን አይቶ ክትፎውን አዲስ አበባ ይበላል

ከውጭ የመጡ ሁለት እንግዶች ይዤ ወደ ጢያ ሄጄ ነበር። ጉዞውን ያዘጋጀው አንድ አስጎብኚ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅር። ፕሮግራሙ ሁላችሁም የምታውቁት ነው፦ ጠዋት መልካ ቁንጡሬ፣ ቀጥሎ አዳዲ ማርያም፣ ከዚያ ጢያ፣ ከዚያ መልስ። ጢያ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቆየን። ከእንግዶቹ አንዷ "ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከተማ ማን ይባላል?" ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው "ቡታጅራ" አላት። "እዚያስ ምን አለ?" ስትለው "ምንም፤ የሚታለፍ ከተማ ነው" ብሎ መለሰላት። መኪናው ዞረ። ማታ እንግዶቹን "የጉራጌን ምግብ እናቅምሳቸው" ተባለና አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ገባን።

እስቲ አስቡት። ከጉራጌ ምድር ጫፍ መኪና አዙረን፣ የጉራጌን ምግብ ልናበላ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን! ቡታጅራ ከዚያ የቀረችው የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነበር።

ሰውየውን አልወቅሰውም። ልጁ የተናገረው እኛ በተግባር የምንፈጽመውን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚወቅሰው ሌላ ነው፦ "እምቅ የቱሪዝም ሀብት" የሚለውን ሐረግ በየሪፖርቱ እየደገመ አንድ እንግዳ አንድ ሌሊት እንዲያድር ማድረግ ያቃተውን ሹም፣ እና "አገሬ" እያለ በዓመት አንዴ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ብቻ የሚወርደውን እንደ እኔ ያለውን የአዲስ አበባ ጉራጌ ነው።

▪ ያለን ምንድን ነው?

ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ላሊበላና ጎንደር ከተመዘገቡ ገና ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ማለት ነው። 36 ትክል ድንጋዮች፣ ከእነሱ ውስጥ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ሰይፉ በግልጽ ይታያል፤ ሌላው ምልክት ዛሬም በቅጡ አልተፈታም። ሥሩ መቃብር ነው። በሶዶ ምድር ደግሞ እንዲህ ያለ ሥፍራ ጢያ ብቻ አይደለም፤ የዩኔስኮ ሰነድ ራሱ ወደ 160 የሚጠጉ መኖራቸውን ይናገራል። እኛ የምናሳየው አንዱን ነው፤ እሱንም በሠላሳ ደቂቃ።

እዚያው ሶዶ ውስጥ የምድረ ከብድ አቦ ገዳም አለ። ከቡታጅራ በላይ የዘቢዳር ተራራ ቆሟል። ከቡታጅራ ወደ ደቡብ ትንሽ ወረድ ሲሉ ሀረ ሸይጣን የሚባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ፤ ከአፋፉ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ዘንድ አይደርስም እየተባለ ሁሉም እጁን የሚሞክርበት ነው። ተራራውን ተሻግረን ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ ስንገባ ጀፎረ አለ። ወልቂጤን አልፎ በጅማ መንገድ የሚሄድ ደግሞ የግቤ ሸለቆን ያገኛል።

ጀፎረን ለማያውቅ ላስረዳ። በሁለት ረድፍ የተሠሩ ቤቶች ፊት ለፊት ሲተያዩ በመካከላቸው የሚዘረጋ ሰፊ ሣር የለበሰ ጎዳና ነው። መንገድ ነው፣ የከብት መዋያ ነው፣ የሠርግ ሜዳ ነው፣ የለቅሶ ቦታ ነው፣ የሽማግሌ ሸንጎ ነው። ማንም አጥሩን ወደ ጀፎረ እንዳይገፋ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን የጋራ ደንብ ነው። ዛሬ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች "የሕዝብ የጋራ ቦታ" እያሉ ኮንፈረንስ የሚቀመጡበትን ነገር የእኛ አያቶች በገጠር ሠርተውት ኖረዋል። ይህንን አይቶ የማይገረም እንግዳ አላጋጠመኝም። ችግሩ፣ የሚያየው እንግዳ የለም።

▪ ገንዘቡ ያለው ማደሪያው ዘንድ ነው

የቱሪዝም ነገር ውስብስብ አይደለም። እንግዳ የሚያልፍበት አገር አቧራ ያተርፋል፤ የሚያድርበት አገር ገንዘብ ያተርፋል። ያደረ እንግዳ እራት ይበላል፣ ቁርስ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ጠዋት ከጉሊት ሙዝ ይገዛል። ግማሽ ቀን አይቶ የሚመለስ የመግቢያ ትኬት ብቻ ቆርጦ ይሄዳል።

ይህን ከራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። የጅቡቲው ባቡር በድሮ ዘመን የሚጓዘው በቀን ነበር፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 አካባቢ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። አዋሽ ላይ ያለው የጣቢያው ቡፌ ዛሬም ድረስ በስሙ የሚጠራው መንገደኛ ያድርበት፣ ይበላበት ስለነበረ ነው። ባቡሩ በሌሊትም ቢያልፍ ኖሮ አዋሽን ማን ያነሳት ነበር? ሐዲድ ብቻውን ከተማ አይሠራም። ከተማ የሚሠራው "እዚህ ይታደራል" የሚለው ቃል ነው።

▪ "ባቡር ይምጣልንና እናያለን"

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ መልስ አለ፦ "ጃፓን እኮ ባቡር አላት!" አዎ አላት። ግን ጃፓንን በትክክል እንያት።

ከጃፓን ዋና ደሴቶች በደቡብ ያለችው ኪዩሹ ናት። የመንግሥት ባቡር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ተከፋፍሎ ወደ ግል አሠራር ሲዞር የኪዩሹ ባቡር ትልልቅ ከተሞች ከሞሉባቸው የሆንሹ መስመሮች ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ብዙው የገጠር መስመር ነበር። ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1989 ዩፉኢን ወደምትባል አንዲት የፍል ውሃ ከተማ የሚወስድ የራሱ ስም፣ የራሱ መልክ ያለው የጉብኝት ባቡር አስጀመሩ። ሌሎችም ተከተሉ። በየጣቢያው የዚያው አካባቢ ምግብ በሣጥን ታሽጎ ይሸጣል፤ ኤኪቤን ይሉታል። አንዱ ጣቢያ የሚሸጠውን ሌላው ጣቢያ አይሸጥም፤ ሰው ለምግቡ ሲል ይወርዳል። በብዙ ጣቢያ መንገደኛው በደብተሩ ላይ የሚያትመው የቦታው ማኅተም ተቀምጧል፤ ሕፃናት ማኅተም ለመሰብሰብ ወላጆቻቸውን ከጣቢያ ጣቢያ ይጎትታሉ።

አሁን ልጠይቅ፦ ከእነዚህ ውስጥ ባቡር የሚጠይቀው የቱ ነው? ማኅተም ሐዲድ አይፈልግም። በቆጮና በአይቤ የተሞላ ንጹሕ ሣጥን ሐዲድ አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጃፓን ባቡር ትልቁ ነገር ብረቱ አይደለም፤ የሰዓት ሰሌዳው ነው። መንገደኛው ከቤቱ ሳይወጣ በስንት ሰዓት ተነስቶ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ በየት ወርዶ ምን እንደሚሳፈር ያውቃል።

እኛስ? ወልቂጤ መናኸሪያ ሄዳችሁ "መኪናው ስንት ሰዓት ይወጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አንድ ነው፦ "ሲሞላ!" ይህ መልስ ቱሪስትን ብቻ አይደለም የሚያባርረው። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለባትን እናት፣ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሰውን ተማሪ፣ ዕቃ የጫነውን ነጋዴ ሁሉ ቀን ይበላባቸዋል። አንድ እንኳ "ሞላም አልሞላም በ1 ሰዓት ይወጣል" የሚባል መኪና ለማስያዝ ሐዲድ አያስፈልግም፤ ሥምሪት የሚያክብር ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ባቡሩንማ ከጠበቅን የምንጠብቀው ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው 752 ኪሎ ሜትር መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቋል። ከአዋሽ ወደ ሰሜን የተጀመረው ግን ዛሬም መንገደኛ አልጫነም። በጉራጌ ምድር ያለፈ ሐዲድ የለም። አያቶቻችን ግን ሳይጠብቁ ሠርተዋል፦ በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ ከሊስትሮው ሳይቀር ሳንቲም ሰብስበው መንገድ አስቆፍረዋል። የእነሱ ልጆች ዛሬ የመነሻ ሰዓት መለጠፍ አቃተን ማለት ያሳፍራል።

▪ ተራራው አንድ፣ ካርታው ሦስት

ነሐሴ 2015 ላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ጉራጌም በሁለት ዞን ተከፈለ፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆኑ። ስለ አወቃቀሩ የተባለው ተብሏል፤ እዚህ አልደግመውም። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ እንግዳ የዞን ድንበር ያውቃል ወይ?

ጢያ በምሥራቅ ጉራጌ ነው። ጀፎረ በዋናነት በወልቂጤ በኩል ባለው ዞን ነው። ሀረ ሸይጣን በስልጤ ዞን ነው። ከወልቂጤ ስንመለስ በወሊሶ በኩል የምናገኘው ወንጪ ደግሞ ኦሮሚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ለጎብኚ እነዚህ ሁሉ የአንድ ዙር ጉዞ ጣቢያዎች ናቸው፦ በቡታጅራ መንገድ ወርዶ፣ በሆሳዕና በኩል ዞሮ፣ በወልቂጤና በወሊሶ መመለስ። ለየጽሕፈት ቤቱ ግን ድንበሩ ጋ ያልቃል። እያንዳንዱ የራሱን ብሮሹር ያትማል፣ የራሱን ፌስቲቫል ያዘጋጃል፣ ቀጥሎ ያለው ጎረቤቱ እንደሌለ ሆኖ ይጽፋል። ባቡር በዚህ አስተሳሰብ ቢሠራ ሐዲዱ በየዞኑ ወሰን ላይ ይቋረጥ ነበር።

▪ ሁለት ተገቢ ተቃውሞዎች

1ኛ፦ "ነዋሪው ውሃ ሳያገኝ የምን ቱሪስት ነው?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የካቲት 2015 ወልቂጤ ላይ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ ውሃ ጠይቆ ወጥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይህን የረሳ ስለ ሆቴል ባያወራ ይሻለዋል። ለዚህ ነው ከላይ ስለ ሰዓት ሰሌዳ የጻፍኩት፤ ለቤተኛው የማይጠቅም ነገር ለእንግዳም አይጠቅምም። ውሃ የሌለው ከተማ እንግዳ አያሳድርም። ውሃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ሰዓቱን የሚያከብር መኪና ቀድመው ለነዋሪው ይደርሳሉ፤ እንግዳው የሚመጣው እሱ የተረፈውን ሲያካፍል ነው። "ለቱሪስት" ተብሎ የሚሠራ ትልቅ በር ግን ለማንም አይደርስም።

2ኛ፦ "መንገዱ ሰላም አይደለም።" በሶዶ በኩል የተሰማው፣ በመስቃንና ማረቆ መካከል የፈሰሰው ደም ተረት አይደለም። ሰላም በሌለበት ቀን እንግዳ ጋብዙ የሚል ሰው እብድ ነው። ነገር ግን ሰላም በሆነ ወር እንኳ መኪናው ጢያ ላይ ነው የሚዞረው። በሰላሙ ቀን ያልሠራነውን በጸጥታው ማሳበብ አንችልም።

▪ ጀፎረ እያለቀ ነው

የምቸኩልበት ምክንያት ይህ ነው። ትክል ድንጋይ ይጠብቀናል፤ ስንት መቶ ዓመት ጠብቋል። ጀፎረ ግን አይጠብቅም። ወጣቱ ወደ ከተማ በሄደ ቁጥር፣ ሽማግሌው ባለፈ ቁጥር፣ ደንቡን የሚያውቀው ያንሳል። አንዱ አጥሩን ሁለት እርምጃ ይገፋል፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ሦስተኛው ከአዲስ አበባ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ መጥቶ ፊቱን ወደ አስፋልት ያዞረ የብሎኬት ቤት ይሠራል። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ተሰብስቦ ሲታይ ሣሩ ጠቦ የመኪና መንገድ ብቻ ይሆናል። ያንን ሥፍራ የሚጠብቅለት መንደር ከጥበቃው አንድ ብር ካላገኘ "ጠብቁት" ማለት ከእኛ ከሩቅ ተቀማጮች የሚሰነዘር ስብከት ነው።

▪ ምን ይሁን?

ትልቅ ጥናት፣ ትልቅ በጀት አልጠይቅም። አራት ነገር ብቻ፦

1. ሁለቱ የጉራጌ ዞኖችና የስልጤ ዞን አንድ ገጽ ላይ አንድ የሁለት ቀን ጉዞ ይጻፉ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የት ይበላል፣ የት ይታደራል፣ ስንት ይከፈላል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። አዲስ አበባ ላሉ አስጎብኚዎች ይሰጥ።

2. በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞላም አልሞላም የሚነሳ አንድ መኪና ይመደብ፤ እሑድ ማታ የሚመልስ። የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ፈረንጆች አይሆኑም። አያቱ የተወለደችበትን ቀዬ አይቶ የማያውቀው የአዲስ አበባ ልጅ ነው የሚሆነው። እሱም ቱሪስት ነው፤ ገንዘቡም ብር ነው።

3. የቦታው ልጆች ይሠልጥኑ። ጢያን የሚያስጎበኘው የሶዶ ልጅ፣ ጀፎረን የሚያስጎበኘው የዚያው ጀፎረ ልጅ ይሁን። ክፍያው በግልጽ ይለጠፍ። ከእሱ ላይ የተወሰነው በቀጥታ ለመንደሩ እድር ይግባ፤ ያኔ አጥር የሚገፋውን የሚከለክለው ራሱ መንደሩ ይሆናል።

4. ለአንድ ዓመት ባነር፣ ፌስቲቫልና የመግቢያ በር ግንባታ ይቁም። በዚያ ገንዘብ ጢያ ላይ ጥላና መጸዳጃ፣ ቡታጅራና ወልቂጤ መናኸሪያ ላይ የሰዓት ሰሌዳ ይሠራ።

ባለሀብቶቻችንም ስሙን። አዲስ አበባ ላይ ሥጋ በጣባ፣ ቆጮ በቅጠል ስታቀርቡ ግድግዳው ላይ የጀፎረ ፎቶ ትሰቅላላችሁ። ደስ ይላል። ግን ፎቶው ሥር "ቅዳሜ ጠዋት መኪና አለ" የሚል አንድ መስመር ብትጨምሩበትስ? እንግዳው የበላውን ምግብ አገር አይቶ ቢመለስ ቤታችሁን ይጠላል ወይስ ይበልጥ ይወዳል?

ያቺ እንግዳ ወደ አገሯ ከመሄዷ በፊት የላከችልኝ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። የመኪናውን የኋላ መስኮት ነው ያነሳችው፤ መንገዱ ወደ ቡታጅራ ይሄዳል፣ እኛ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንሄዳለን። ሥሩ ላይ "በሚቀጥለው ጊዜ" ብላ ጽፋለች። እሷ ዳግም ትመጣ ይሆን? አላውቅም። እኛ ግን እዚሁ ነን፤ መኪናውን የሚያዞረውም ሌላ ሰው አይደለም።

ከወልቂጤ፣ ከቡታጅራ፣ ከሆሳዕና፣ ከወራቤ ያላችሁ ተከታታዮች፦ ከመናኸሪያችሁ በሰዓቱ የሚነሳ መኪና ካለ መስመሩንና ሰዓቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ዝርዝሩን ሰብስበን እዚሁ እንለጥፈዋለን። የሰዓት ሰሌዳውን ከዚህ እንጀምረው።