ስለ መዝገብ ጠባቂዎች ጉባኤ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች የጻፍኩት አሳብ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዛሬ ባለጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤት ሲመጣ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው መልስ «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ዱሮ «ፋይሉ ጠፍቷል» ሲባል ቢያንስ የሚፈለግበት መደርደሪያ ነበረ፤ የመዝገብ ቤቱም ሹም በስሙ ይታወቅ ነበር። አሁን ግን መዝገቡ በዓይን ወደማይታይ ስፍራ ስለገባ፣ ጠባቂው ማን እንደሆነ ባለጉዳዩ ቀርቶ የክፍሉ ኃላፊም ላያውቅ ይችላል።

ይህን የምለው ካየሁት ነገር ተነሥቼ ነው። ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ በአንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ በሄድኩበት ቀን፣ ኮምፒዩተር ተበላሽቶ የብዙ ወር መዝገብ አብሮ መጥፋቱን ሰማሁ። መጠባበቂያ ቅጂ አለ ተብሎ ነበር፤ ሲፈለግ ግን ቅጂው በዚያው በተበላሸው ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ሥራውን ያውቅ የነበረው ወጣትም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር። ልጅዋን አዝላ ከገጠር የመጣች አንዲት እናት፣ ቀድሞ ያስመዘገበችውን እንደገና እንድታስመዘግብ፣ ምስክሮችዋንም እንደገና እንድታመጣ ተነገራት። እኔም ወደ ፈላና በር ስመለስ በመንገድ ያሰብኩት ስለ ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ስለ ጠባቂው ነበር።

ነገሩ ለሁሉ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ላስረዳ። ብዙ መዝገብ በኮምፒዩተር ተቀናብሮ የሚቀመጥበት የመረጃ ቋት ወይም ዳታቤዝ ይባላል። ቋቱን የሚያሠራው ሶፍትዌር አንዳንዱ በኩባንያ እጅ ያለና ፈቃዱ በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ አንዳንዱ ግን አሠራሩ ለሁሉ የተገለጠ፣ ማንም አንብቦ ሊያርመውና ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የተፈቀደ፣ ክፍት ምንጭ የተባለው ነው። ከነዚህ አንዱ ፖስትግሬስ ነው። ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በበርክሊ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር ተጀምሮ፣ ከ1996 ወዲህ በልዩ ልዩ አገር ባሉ ባለሙያዎች ኅብረት የሚጠበቅ ነው። የሐረርን አፎቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። አፎቻ የአንድ ሰው ንብረት ሳይሆን አባሉ ሁሉ በገንዘቡና በጉልበቱ የሚያቆመው እንደሆነ፣ ይህም እንዲሁ ነው።

እነዚህ ባለሙያዎች በየዓመቱ ጉባኤ አላቸው። ከ2007 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በካናዳ በኦታዋ ከተማ፣ በ2024 በቫንኩቨር፣ በ2025 ደግሞ በሞንትሪያል ተሰብስበዋል። በጉባኤው ሶፍትዌሩን የሚሠሩትና በየመሥሪያ ቤቱ ቋቱን የሚጠብቁት ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ አንዱ የገጠመውን ችግር ያወጣል፣ ሌላው መፍትሔውን ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ስሕተትን በአደባባይ መናገር መለመዱ ይመስለኛል። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ጥር 31 ቀን 2017፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አንድ ሠራተኛው በሌሊት ሲሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ያለ መስሎት ዋናውን የፖስትግሬስ ቋት ደመሰሰ። በአምስት ዐይነት መንገድ ተዘጋጅቷል የተባለው መጠባበቂያ ሲመረመር በደንብ የሚሠራ አልተገኘም። መዝገቡ የዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ በተወሰደ አንድ ቅጂ ነው፤ የስድስት ሰዓቱ ሥራ ግን ቀረ። ኩባንያው ነገሩን አልደበቀም። ጥገናውን ሲያካሂድ ሕዝብ በኢንተርኔት እንዲያየው አደረገ፤ የስሕተቱንም ምክንያት ዘርዝሮ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ያሉ የቋት ጠባቂዎች ይህን ታሪክ እንደ ትምህርት ይቀባበሉታል። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ፣ እውነቱን እንናገርና፣ ሠራተኛው ተቀጥቶ ነገሩ በፋይል ውስጥ ተዘግቶ በቀረ ነበር፤ ያው ስሕተትም በሚቀጥለው ወር በሌላ መሥሪያ ቤት በተደገመ ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ አገር በባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴርም ከጤና ድርጅቶች ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተሠራው በኖርዌይ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ክፍት ምንጭ ነው። ሁለቱም በተለመደው አሠራራቸው መዝገባቸውን የሚያስቀምጡት ከላይ በጠቀስኩት በፖስትግሬስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ የሞሲፕ ተጠቃሚ አገሮች ጉባኤ በአዲስ አበባ መደረጉም አገራችን በዚህ ረገድ ተመልካች ብቻ አለመሆንዋን ያስረዳል። እንዲህ ያለውን እንግዳ መቀበል መልካም ነው። የሚቀረው የራሳችንን መዝገብ ጠባቂዎች እርስ በርሳቸው ማገናኘት ነው።

«ሶፍትዌሩ በነጻ ከተገኘ ስለ ምን ገንዘብ እናወጣለን?» የሚል ይኖራል። ውኃ ከምንጭ በነጻ ቢገኝም የሚቀዳበት ገንቦና የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ኩባንያ ለተሸጠው ሶፍትዌር በውሉ ይጠየቃል፤ በነጻ ለተገኘው ግን ኃላፊው ራሱ ተጠቃሚው ነው። ስለዚህ ለፈቃድ ሳይከፈል የቀረው ገንዘብ ከፊሉ ለጠባቂው ትምህርት መዋል ይገባዋል እላለሁ።

በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ወደ ጉባኤና ወደ ሥልጠና የሚላከው ሰው በማዕርጉ ከፍ ያለው ሳይሆን ቋቱን በእጁ የያዘው ይሁን። አለቃው ሄዶ ከረጢትና የምስክር ወረቀት ይዞ ቢመለስ መዝገቡ አይድንም።

2ኛ፤ የክልልና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የቋት ጠባቂዎች ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን የሚገናኙበት ጉባኤ ይቋቋም፤ ሁልጊዜም በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በየተራ በሐረር፣ በባሕር ዳር፣ በጅማ ይደረግ። በዚያም የደረሰበትን ስሕተት የሚናገር ሠራተኛ በመናገሩ እንዳይቀጣ አስቀድሞ ይታወጅለት።

3ኛ፤ «ቅጂ አለን» የሚለው ቃል ብቻ አይታመን። ቅጂው ከዋናው ርቆ በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም መዝገቡ ከቅጂው ተመልሶ መቆም መቻሉ በሥራ ይፈተን። ሥራውን የሚያውቀውም ሰው ከአንድ በላይ ይሁን።

በጀጎል ውስጥ በእጅ የተጻፉ የጥንት መጻሕፍት እስከ ዛሬ የደረሱት፣ ገልባጮች ስለገለበጡዋቸውና ቤተሰቦችም በየቤታቸው ስለጠበቁዋቸው ነው። አባቶቻችን ያለ ኤሌክትሪክ ያደረጉትን እኛ በዚህ ሁሉ መሣሪያ ማድረግ አያቅተንም። ያች እናት ልጅዋን አዝላ ሁለተኛ ጊዜ መመለስ አልነበረባትም።

አክባሪዎ፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከፈላና በር፤ ሐረር