በየሕንፃው በር እንፈተሻለን፤ የቤታችንን ቁም ሣጥን ግን ማን ይጠብቀዋል?



የዛሬው ጽሑፍ ስለ ክትባት ወይም ስለ ደም ግፊት አይደለም። በአንዳንድ ቤት ስላለ፣ ሐኪም ግን ብዙ ጊዜ ስለማይጠይቀው ነገር ነው፤ በቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ የጦር መሣሪያ። «ይህ የፖሊስ ጉዳይ ነው፣ ሐኪም ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥይት የመታውን ልጅ መጀመሪያ የሚቀበለው ድንገተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ያገባናል።

ኮልፌ ቀራንዮ የምትኖሩ በደንብ ታውቁታላችሁ። አየር ጤና ወይም ቤተል ወርዳችሁ ባንክ ስትገቡ በር ላይ ትፈተሻላችሁ። ቦርሳ ይከፈታል፣ ኪስ ይዳሰሳል። በሩ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት የሽጉጥ ሥዕል ተለጥፏል። ሲም ካርድ ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃል፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ አምጡ እንባላለን። ማንም «ሰደባችሁኝ» ብሎ አይቆጣም፤ ለሁላችንም ደኅንነት መሆኑን ስለምናውቅ እጃችንን ዘርግተን እንፈተሻለን። ወደ ቤታችን ስንገባ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በር ላይ ይቀራል። መሣሪያው ቁም ሣጥን ላይ፣ ከፍራሽ ሥር ወይም ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል። ማን እንደሚነካው የሚጠይቅ የለም።

ከሱቅ የምንማረው ነገር

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ እንደ ሌላው ዕቃ በሱቅ ይሸጣል። ፈቃድ ካለው ሻጭ ለሚገዛ ሰው መታወቂያ ማሳየትና ፎርም መሙላት በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። ለማየት ብቻ የመጣ ደንበኛ መሣሪያውን በእጁ ይዞ እንዲያየው መታወቂያ ይስጥ የሚል የፌዴራል ሕግ ግን የለም። ሆኖም አንዳንድ ባለሱቆች ይህን የራሳቸው ደንብ አድርገውታል፤ መጀመሪያ መታወቂያ፣ ከዚያ መሣሪያ። አንዱ ምክንያት ሌብነት ነው። ሌላው ደግሞ ባለሱቁ ከማን ጋር እንደቆመ ሳያውቅ ገዳይ ዕቃ በሰው እጅ እንዳያስቀምጥ ነው።

ይህ ደንብ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ብቻውን እንደማይበቃም እናውቃለን። በ2009 እ.ኤ.አ. በኒው ሃምፕሻየር ግዛት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች፣ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ መሣሪያ ገዝተው በሰዓታት ውስጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ለአንድ ገዢ ሊሟላ ይችላል፤ መታወቂያ ስም ይናገራል እንጂ ልብ ውስጥ ያለውን ሐዘን አይናገርም። ከዚያ በኋላ የሱቁ ባለቤትና የጤና ባለሙያዎች አብረው ተቀመጡ። ሻጮች የተጨነቀ ደንበኛን የሚለዩበትንና ሽያጩን ማዘግየት የሚችሉበትን መንገድ የሚያስተምር ሥራ ጀመሩ። ሥራው በኋላ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተዛምቷል።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። በሰውና በገዳይ ዕቃ መካከል ቆሞ «ማን ነህ? ደህና ነህ?» የሚል ሌላ ሰው ሲኖር፣ ሕይወት የመትረፍ ዕድል ያገኛል።

በእኛ አገር ባንኮኒው የት ነው?

በአዲስ አበባ ማንም ገብቶ ሽጉጥ አንስቶ የሚያይበት ሱቅ የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ መሥርቶታል። ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። ይህ መሆን ያለበት ነው።

ግን እስቲ እናስብ። ፈቃዱ በአንድ ሰው ስም ነው። ያ ሰው ሥራ ሲሄድ መሣሪያው ቤት ከቀረ፣ አብሮት የሚቀረው ማን ነው? ልጆች አሉ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ የሚማር የወንድም ልጅ አለ። የቤት ሠራተኛ አለች። ጎረቤት ልጅ ካርቱን ለማየት ይመጣል። ፈቃዱ የአባወራው ነው፤ መሣሪያው ላይ የሚደርሰው እጅ ግን የሁሉም ነው።

ክፍለ ከተማችን ደግሞ የከተማዋ ምዕራባዊ በር ናት። በጅማ መስመር የሚመጣ ዘመድ በአየር ጤና በኩል ይገባል። በዓል ሲደርስ፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ሠርግ ሲኖር ቤታችን በእንግዳ ይሞላል። ከእንግዶቹ መካከል መሣሪያ ያነገተ ሊኖር ይችላል። ጋቢውን አጣጥፎ፣ መሣሪያውን ጥግ አስደግፎ ቡና ይጠጣል። የጥበቃ ሠራተኛ ባለበት ግቢ ደግሞ የዘበኛው ቤት ብዙ ጊዜ የሕፃናት መጫወቻ ነው።

ስለዚህ ለእኛ የሱቁ ባንኮኒ ያለው ቤታችን ውስጥ ነው። ባንኮኒው ጀርባ መቆም ያለበትም ወላጅ ነው።

«ልጄን አስተምሬዋለሁ» አይበቃም

ብዙ ወላጅ «ልጄ አይነካም፣ ነግሬዋለሁ» ይላል። ይህን እምነት የፈተነ አንድ ጥናት በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 64 ወንዶች ልጆች በ29 ቡድን ተከፍለው አንድ ክፍል ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። መሳቢያ ውስጥ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጉጥ ተደብቆ ነበር። ከ29ኙ ቡድን 21ዱ ሽጉጡን አገኙት። ከእነዚህ 16ቱ አንስተው ያዙት። በ10ሩ ቡድን ውስጥ ደግሞ ቢያንስ አንድ ልጅ ቃታውን ሳበ። ካገኙት ልጆች ግማሽ ያህሉ መጫወቻ መስሏቸው ነበር፣ ወይም እውነተኛ መሆኑን እርግጠኛ አልነበሩም።

ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። መሣሪያውን ከነኩት ወይም ቃታ ከሳቡት ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ቀድሞ የተነገራቸው ነበሩ።

ልጆቹ ባለጌ ስለሆኑ አይደለም። የልጅ አእምሮ የተሠራው ለማወቅ እንዲጓጓ ነው። ምክር መልካም ነው፤ ግን ምክር ቁልፍ አይደለም። ለሁለት ዓመት ሕፃን «በረኪና አትጠጣ» ብለን ጠርሙሱን ወለል ላይ እንደማንተው ሁሉ፣ መሣሪያንም በምክር ብቻ አንተወውም።

ስለ ትልልቅ ልጆች

ይህን ክፍል ስታነቡ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። አንድ ሰው ራሱን ለማጥፋት የሚያስበው ለዓመታት አስቦበትና ወስኖ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከባዱ ስሜት እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ያ ማዕበል በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ሊያልፍ ይችላል። በዚያች ሰዓት ገዳይ ነገር በእጅ አጠገብ ካለ ለመጸጸት ጊዜ አይሰጥም። ከሌለ ግን ሰው ይደርሳል፣ ሌሊቱ ይነጋል፣ ሕክምና ይጀመራል።

«መሞት የፈለገ ሌላ መንገድ አያጣም» የሚል አነጋገር አለ። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። የእስራኤል ሠራዊት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጣት ወታደሮች ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ካምፕ እንዲተዉ አደረገ፤ ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ስሪላንካ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣም መርዛማ የሆኑ የፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ከገበያ አወጣች፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ራስን የማጥፋት መጠን ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር። ሰዎቹ ችግራቸው ስላለቀ አይደለም። በክፉዋ ሰዓት ገዳዩ ነገር በእጃቸው ስላልነበረ ነው።

በተለይ ልጃችሁ ዝም ካለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ «ባልኖር ይሻላል» ካለ፣ የሚወደውን ዕቃ ማደል ከጀመረ፣ ቁም ነገር አድርጋችሁ ያዙት። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞንም ዓይናችሁ ልጆቻችሁ ላይ ይሁን። ቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት፤ በከተማችን አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። መሣሪያው ደግሞ በዚያኑ ቀን ከቤት ይውጣ፤ የት ማስቀመጥ እንደሚቻል ፖሊስን ጠይቁ።

«ዘመኑ ክፉ ነው፤ ቤቴን በምን ልጠብቅ?»

ይህን ጥያቄ አልንቀውም። ለብዙ ቤተሰብ መሣሪያ የአባት ውርስ ነው፣ ክብርም ነው። ሌባ የሚፈራም አለ። ሕጋዊ ፈቃድ ያለውን ሰው መሣሪያህን ጣል እያልኩ አይደለም። የምለው ይህ ነው፦ የተቆለፈ መሣሪያ ያንተው ነው፤ ያልተቆለፈ መሣሪያ ግን መጀመሪያ ያገኘው ሰው ነው። ሌባውም ሊያገኘው ይችላል፣ የአምስት ዓመት ልጅህም።

በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይት ሳይጎርስ ማስቀመጥ፣ ጥይቱን መቆለፍና ከመሣሪያው ለይቶ ማኖር እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ የጥይት ጉዳት መቀነስ ጋር ተያይዘዋል። አራቱም ከባድ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። የብረት ሣጥንና ጥሩ ቁልፍ ይበቃል።

ከእናንተ የምጠይቀው

1. መሣሪያ በቤታችሁ ካለ፣ ጥይቱን አውጥታችሁ ቆልፉበት። ጥይቱን በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ አስቀምጡ። ቁልፉ ልጆች የማያውቁት ቦታ ይሁን። ልጆች ከምናስበው በላይ መደበቂያችንን ያውቃሉ።

2. የቤት ደንብ አውጡ። ከባለፈቃዱ በቀር ማንም አይነካም፤ ባለፈቃዱም ቢሆን ሲጠጣ ወይም ሲጣላ አይነካም። እናቶች፣ ይህን ደንብ የማስከበር መብት አላችሁ።

3. እንግዳ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ በአክብሮት ጠይቁት። «ጋሼ፣ ልጆች ስላሉ ጥይቱን ያውጡልንና ቆልፈን እናስቀምጥልዎት» ማለት ነውር አይደለም። ባንክ በር ላይ የተፈተሸ ሰው በዘመዱ ቤት አይቀየምም።

4. ልጃችሁ ጎረቤት ሄዶ ሲጫወት «ውሻ አላችሁ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁት «መሣሪያ አለ? ተቆልፏል?» ብላችሁም ጠይቁ። ግቢያችሁ ዘበኛ ካለ፣ ልጆች ወደ ቤቱ እንዳይገቡ ተስማሙ።

5. የፀረ ተባይ መድኃኒትና የአይጥ መርዝ የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ መርዝ በውሃ ሃይላንድ ቀድታችሁ አትስጡ። ለልጅ አትሽጡ። ለምን እንደተፈለገ ጠይቁ። ፋርማሲ ኃይለኛ የማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት ያለ ልዩ ማዘዣ የማይሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ፋርማሲስቱ «ማዘዣ የት አለ?» ሲላችሁ አትቆጡት፤ እየጠበቃችሁ ነው።

6. እኛ ሐኪሞችም እንጠይቅ። ድባቴ ያለበትን ሰው ስናክም «ቤት ውስጥ መሣሪያ ወይም መርዝ አለ ወይ?» ማለት እንደ አለርጂ ጥያቄ የተለመደ መሆን አለበት።

አደጋ ከደረሰ

ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያለማቋረጥ ተጫኑ። ቡና አትነስንሱበት፣ ጥይቱን ለማውጣት አትሞክሩ፣ ለተጎጂው ምግብም ውሃም አትስጡ። ሌላ ሰው 907 ወይም 939 ደውሎ አምቡላንስ ይጥራ። አምቡላንስ ከዘገየ፣ ጨርቁን እንደተጫናችሁ ባገኛችሁት መኪና በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ፍጠኑ።

ውድ ወላጆች፣ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይደለም። ዛሬ ማታ ከእራት በፊት ቁም ሣጥኑን ክፈቱና እዩት። ያልተቆለፈ ነገር ካለ ቆልፉት። ለባለቤታችሁና ለጎረቤታችሁም ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፣ እንመልሳለን።

ጤና ይስጥልን!