የፀሐይ ኃይል ሳጥን በፊልቱ ወጣቶች እጅ ይሠራ

የገናሌ ዳዋ 3 የኃይል ማመንጫ 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ2012 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ ያረፈበት የገናሌ ወንዝ የሊበን ዞንን ዳር ይዞ ወርዶ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር የሚገናኘው ነው። ይሁንና ከፊልቱ ከተማ ርቆ ከግመሉና ከፍየሉ ጋር የሚያድረው አርብቶ አደር፣ ማታ ብርሃን የሚያገኘው ዛሬም ከእንጨት እሳትና ከእጅ ባትሪ ነው። ችግሩ የመስመር ዝርጋታ መዘግየት ብቻ አይደለም። መስመሩ በየቀበሌው ቢደርስ እንኳ ምሰሶው ተተክሎ ይቀራል፤ ሰፈሩ ግን ዝናብ ወደ ጣለበት ይሄዳል። በጉ ወቅት አንድ ቦታ፣ በደይር ሌላ ቦታ ለሚያድር ቤተሰብ ኃይሉም አብሮት በግመል ጀርባ መጫን አለበት።

በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ይህን በመርህ ደረጃ ተቀብሎታል። ከሕዝቡ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ አማራጭ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ነበር ያቀደው። የቆላው አርብቶ አደር ከ35ቱ ውስጥ መሆኑ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው በወረዳ ደረጃ ማን ምን እንደሚሠራለት ነው።

ነገሩ የመብራት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ከታየ ተሳስቷል። ዛሬ የአርብቶ አደሩ የገንዘብ ቦርሳ ስልኩ ነው። ፍየል ሸጦ ገንዘቡን በሄሎካሽ የሚቀበል ሰው ስልኩ ሲጠፋበት ቦርሳው ተቆልፎበታል ማለት ነው። የነገሌ ገበያ ዋጋ የሚጠየቀው፣ ዝናብ የት እንደጣለ የሚሰማው፣ ከብት ሲታመም የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚጠራው በስልክ ነው። ስልክ ለማስሞላት ብቻ ከተማ ድረስ የሚመላለስ ወጣት የመንጋ ጥበቃ ቀኑን ያጣል። በረት ዳር የምትበራ አንዲት አምፖል ደግሞ ጅብ ሲመጣ ቀድሞ ለማየት፣ ሌሊት የምትወልድ ፍየልንም ለመርዳት ትጠቅማለች።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ የፀሐይ ኃይል ሳጥን በአካባቢ መገጣጠም ይቻላል። ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው፦ የሶላር ሰሌዳ፣ ባትሪ፣ የቻርጅ ኮንትሮለር፣ ፊውዝ፣ ሽቦ፣ የዩኤስቢ መሰኪያና ክዳን ያለው ጠንካራ ሳጥን። ከግዢው በፊት ግን ሒሳቡ መሠራት አለበት። ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ4 ሰዓት ሲበሩ 40 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። አራት ስልክ ለመሙላት 50 ያህል፣ ለሬዲዮ 10 ቢታሰብ የሌሊቱ ፍጆታ 100 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 12 ቮልት 18 አምፔር ሰዓት የታሸገ የእርሳስ ባትሪ 216 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ነገር ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ መውረድ የለበትም። ስለዚህ ልክ ይበቃል፣ አይተርፍም። በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢገኝና ሲሦው በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ ቢባክን፣ ባለ 50 ዋት ሰሌዳ 170 ዋት ሰዓት ያህል ያስገባል። ሰማዩ የደመነ ዕለትም ባዶ እጅ አያስቀርም።

ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ክብደቱ ከእርሳሱ ግማሽ ያህል ሲሆን ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። አቅም ላለው፣ ወይም በማኅበር ለሚገዛ፣ በረጅም ጊዜ የሚያዋጣው እሱ ነው። የመኪና ባትሪ ግን ርካሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለቅጽበት ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲሟጠጥ ሳህኖቹ በወራት ውስጥ ይበላሻሉ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈቱ ባትሪዎችን እየበየዱ መገጣጠምም አለ፤ በሣርና በጨርቅ በተሠራ ቤት ውስጥ እሳት መጋበዝ ስለሆነ መከልከል አለበት።

ገጣጣሚዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ትንሿን ፊውዝ ነው። 12 ቮልት ሰው አይገድልም በሚል ይናቃል። ነገር ግን የባትሪው ሁለት ጫፎች በሽቦ ከተነካኩ ሽቦው እስኪቀላ ይግላል። ፊውዙ ከባትሪው ፕላስ ጫፍ አጠገብ፣ ከሁሉም ነገር በፊት መግባት አለበት፤ ለዚህ መጠን ባለ 10 አምፔር ይበቃል። አያያዙም ተራ አለው፦ ከኮንትሮለሩ ጋር መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ይገናኛል፤ ሲፈታ ሰሌዳው ይቀድማል። ኮንትሮለሩ ላይ የባትሪ ዓይነት መምረጫ ካለ ከተገዛው ባትሪ ጋር መስማማቱ መታየት ይኖርበታል። ኢንቨርተርን በሚመለከት፣ መሰኪያው ደስ ስለሚል ሁሉም ይፈልገዋል። ሆኖም ምንም ሳይሰካበት እንኳ በርቶ ከቆየ ኃይል ይበላል። ስልክና አምፖል በቀጥታ ከ12 ቮልትና ከዩኤስቢ ስለሚሠሩ ይህ ሳጥን ያለ ኢንቨርተር ቢሆን ይሻላል።

ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ሳጥኑ ጥላ ውስጥ መሆን ስላለበት በመካከላቸው 5 ሜትር ያህል ወፈር ያለ ሽቦ ያስፈልጋል። የቆላው ሙቀት የባትሪ ጠላት ነው፤ ሳጥኑ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይኑረው። ፊልቱ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ሰሌዳውን አቧራ እንዳይተኛበት ጥቂት ማዘንበል ይበቃል። የአንድ የግራር ቅርንጫፍ ጥላ ግን ከሰሌዳው ትንሽ ክፍል ላይ ቢያርፍ እንኳ ምርቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ለጉዞ መስታወቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከግመሉ ጎን መታሰር ይችላል።

ሳጥኑ የማይችለውንም አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። የጉድጓድ ውኃ አይስብም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ያለበትን የእንስሳት ክትባት የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣም አያሠራም። እነዚህ የወረዳው የውኃና የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቶች በትልቅ ሶላር የሚመልሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሳጥኑ ታደለ ተብሎ እነሱ ከዕቅድ መውጣት የለባቸውም።

ሶላር አድሎ መመለስ ምን እንደሚያመጣ በየጤና ኬላውና በየትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለ አገልግሎት የቀሩት ሰሌዳዎች ያሳያሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ባትሪው ነው፤ ወይም አንድ ሽቦ ይበጠስና የሚቀጥል ይጠፋል። በሰሜን ሸዋ የሬማ መንደር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በርካታ ቤቶች ሶላር ሲገባላቸው፣ እዚያው የጥገና ባለሙያዎች እንዲሠለጥኑ ተደርጎ ነበር። በዚሁ በሊበን ዞን በዶሎ አዶም ስደተኞችና የአካባቢው ነዋሪዎች በጋራ የተደራጁባቸው የሶላር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። የፊልቱ ወረዳ ልምድ ለመቅሰም ከዞኑ መውጣት አያስፈልገውም።

ስለዚህ ወረዳው ዝግጁ ሳጥን በጨረታ ገዝቶ ከማከፋፈል ይልቅ፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ያጠናቀቁ ወጣቶችን አደራጅቶ የሥራ ቦታና የመነሻ ብድር ቢያመቻች የተሻለ ነው። የሚሸጡት ሳጥን ፊውዝ እንዳለው፣ ሰሌዳውም እንደተጻፈበት መሆኑን የሚፈትሽ ባለሙያ ይመደብ። ፍተሻው ከባድ አይደለም፤ ባለ 50 ዋት የተባለ ሰሌዳ በቀትር ፀሐይ በመለኪያ ሲታይ 3 አምፔር ገደማ መስጠት አለበት። ከ2 በታች ካሳየ የተጻፈበት ቁጥር ሐሰት ነው። ሻጩም ሲሸጥ በገዢው ፊት ለክቶ ያሳይ፤ ገዢውም ሳይለካለት አይክፈል።

አንድ ነገር ለአርብቶ አደሩ በተለይ መነገር ይኖርበታል። ያለቀ የእርሳስ ባትሪ በግጦሽ መሬት ላይ ከተጣለ ከብቶች ይልሱታል፤ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። የተመረዘ ከብት ዓይኑ ይጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ስለዚህ ሳጥኑን የሚሸጠው ማኅበር አሮጌውን ባትሪ መልሶ የመረከብ ግዴታ በውሉ ላይ ይጻፍበት፤ አሮጌውን ይዞ ለመጣም ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀነስለት።