ተራራው በፈተና ወረቀት ላይ፦ የኡታራክሃንድ ወጣቶች እና የመንግሥት ሥራ ፍለጋ

በሰሜን ሕንድ፣ በሒማልያ ተራሮች ላይ በምትገኘው የኡታራክሃንድ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2025 የመንግሥት ሠራተኞች የቅጥር ፈተና ተሰጥቶ ነበር። ክፍት የነበሩት የሥራ መደቦች 416 ሲሆኑ ለፈተና የተቀመጡት ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። ፈተናው ከተጀመረ በኋላ በሐሪድዋር አካባቢ ከሚገኝ አንድ የፈተና ጣቢያ የጥያቄ ወረቀቱ ሦስት ገጾች በስልክ ፎቶ ተነሥተው ወጡ። በዴህራዱን ከተማ ወጣቶች ለቀናት አደባባይ ወጥተው ተቃውሞ አሰሙ፤ በቀጣዩ ወርም ፈተናው ተሰረዘ።

ኡታራክሃንድ ግን ለዚህ ወንጀል ሕግ ያነሳት ግዛት አይደለችም። ቀደም ሲል ተከታታይ ፈተናዎች አፈትልከው ወጣቶች ከተቆጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ የግዛቷ መንግሥት ፈተና በሚሰርቁ ቡድኖች ላይ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት እና እስከ 100 ሚሊዮን ሩፒ የገንዘብ መቀጮ የሚያስከትል ሕግ ደንግጓል። ቅጣቱ ይህን ያህል ከብዶም የተሰረቀ ወረቀት ፈላጊ አላጣም። ለአንድ ወንበር ከ200 በላይ ተፈታኝ በሚሰለፍበት አገር ፈላጊ ሊጠፋ አይችልም። ሕጉ ሌባውን ያስራል፤ ሰልፉን ግን አያሳጥርም።

ሰልፉ ለምን እንደረዘመ ለመረዳት ወጣቶቹ ሌት ተቀን የሚያጠኑትን መጽሐፍ መግለጥ ይጠቅማል። ስለ ግዛቷ መልክዓ ምድር፣ ታሪክ እና ጠቅላላ ዕውቀት የሚቀርቡ ጥያቄዎች የእነዚህ ፈተናዎች አንድ አካል ናቸው። ግዛቷ መቼ ተመሠረተች? እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2000፣ ከኡታር ፕራዴሽ ተለይታ፣ የሕንድ 27ኛዋ ግዛት በመሆን። ስፋቷስ? 53 ሺህ 483 ስኩዌር ኪሎ ሜትር። ጋርዋል እና ኩማዎን በተባሉ ሁለት አካባቢዎች ሥር 13 ወረዳዎች አሏት። በስተሰሜን ከቻይናዋ ቲቤት፣ በስተምሥራቅ ከኔፓል ትዋሰናለች። ሙሉ በሙሉ በሕንድ ግዛት ውስጥ ካሉ ተራሮች ከፍተኛው፣ 7 ሺህ 816 ሜትር የሚረዝመው ናንዳ ዴቪ፣ የሚገኘው በዚህችው ግዛት ነው። ባጊራቲ እና አላክናንዳ የተባሉት ወንዞችም ዴቭፕራያግ ላይ ተገናኝተው ጋንጀስ የሚለውን ስም ይይዛሉ። ተፈታኙ ይህን ሁሉ በቃሉ ያጠናል። ከጥያቄና መልሱ ጀርባ ያለው ግን የገዛ ቤተሰቡ ኑሮ ነው።

ከ13ቱ ወረዳዎች አብዛኞቹ ተራራማ ናቸው። በደቡብ በኩል የሚገኙት ሐሪድዋር እና ኡዳም ሲንግ ናጋር ሜዳማ ሲሆኑ ዴህራዱንም ሰፊ ሜዳ አላት። ስንዴው፣ ሩዙ እና ሸንኮራ አገዳው በመስኖ የሚለማው እዚያ ነው። ግዛቷ ከተመሠረተች ወዲህ የተስፋፉት የኢንዱስትሪ መንደሮችም በሐሪድዋር እና በፓንትናጋር ሜዳ ላይ ተተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተው የሕንድ የመጀመሪያው የግብርና ዩኒቨርሲቲ ራሱ የሚገኘው በፓንትናጋር ነው። ውጤቱ በ2011 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በግልጽ ታየ። በአሥር ዓመት ውስጥ የሐሪድዋር እና የኡዳም ሲንግ ናጋር ሕዝብ ከ30 በመቶ በላይ ሲያድግ፣ አልሞራ እና ፓውሪ የተባሉት ተራራማ ወረዳዎች ሕዝብ ግን ቀነሰ። በጦርነት ወይም በረሃብ ሳይሆን በሰላም ዘመን የሕዝብ ቁጥር መቀነሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ተራራዎቹ ላይ የሚታረሰው መሬት በእርከን የተከፋፈለ ጠባብ ማሳ ነው። የአንድ ገበሬ ይዞታ በተለያየ ከፍታ ላይ የተበታተነ በመሆኑ ትራክተር አይገባበትም፤ አብዛኛው ሰብልም የሚጠብቀው ዝናብ ነው። ከሚዘሩት እህሎች አንዱ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። እዚያ ማንድዋ የሚባለው ዳጉሳ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች እንደሚሉት ዳጉሳ መጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አካባቢዎች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ሲሆን፣ ወደ ሕንድ የተሻገረው በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ነው። በሕንድ ሐሳብ አቅራቢነት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2023ን የዳጉሳ፣ የማሽላ እና የመሰል እህሎች ዓመት ብሎ ሲሰይም የኡታራክሃንድ ማንድዋም ስሙ ተነሥቶ ነበር። ይሁን እንጂ የከርከሮ እና የዝንጀሮ መንጋ ማሳውን የሚያወድምበት ገበሬ ስሙ የተነሣለትን እህል በዋጋ እንጂ በዝና አይለካውም። ጎረቤቱ ማሳውን ጥሎ ሲሄድ ቦታው ይዳዋል፤ አውሬውም ይቀርባል፤ የቀረውም ሰው ለመሄድ ይገደዳል።

የግዛቷ የፍልሰት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2011 ወዲህ ብቻ 734 መንደሮች ሰው አልባ መሆናቸውን መዝግቧል። ከተሰደዱት ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው መተዳደሪያ ማጣት ነው። የትምህርት እና የሕክምና እጦት ተከትሎ ይመጣል።

ከዚህ ኑሮ ለመውጣት የቆየው መንገድ ወታደርነት ነበር። የጋርዋል እና የኩማዎን ክፍለ ጦሮች በሕንድ ሠራዊት ውስጥ የታወቁ ናቸው። በብዙ ቤት አባት ያገለግላል፣ በጡረታው ልጅ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የሕንድ መንግሥት አግኒፓት የተባለውን አዲስ የምልመላ ሥርዓት ሲጀምር፣ ተመልማዩ አራት ዓመት ካገለገለ በኋላ በሠራዊቱ የሚቀረው ከአራቱ አንዱ ብቻ ሆነ፤ ለሚሰናበቱት የጡረታ መብት የለም። ወታደርነት ዕድሜ ልክ የሚያኖር ሥራ መሆኑ ሲቀር፣ በተራራው ልጅ ዓይን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ፀሐፊነት ወይም የደን ጠባቂነት ክብደቱ ጨመረ። በፈተና ጣቢያዎቹ በር ላይ የሚታየው ግፊት አንዱ ምንጭ ይህ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሌላው ተደጋግሞ የሚጠየቀው ርዕስ የቺፕኮ ንቅናቄ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1974 በሬኒ መንደር፣ ወንዶቹ በሌሉበት፣ ጋውራ ዴቪ የምትመራቸው ሴቶች ዛፎቹን ለመቁረጥ የመጡትን ሠራተኞች ግንዱን በማቀፍ መለሷቸው። በ1980 መንግሥት በአካባቢው የሒማልያ ደኖች ለንግድ ዛፍ መቁረጥን ለ15 ዓመታት አገደ። የፈተናው መልስ እዚህ ላይ ያበቃል። የሬኒ ታሪክ ግን ቀጠለ፦ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 ከመንደሩ በላይ ካለው ተራራ የተናደ ዓለት እና በረዶ ወንዙን ሞልቶ ወረደ። እዚያው የነበረውን የውሃ ኃይል ማመንጫ ጠራርጎ ወሰደ፤ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ ወይም የገቡበት ጠፋ። ከዚያ ብዙም በማትርቀው የጆሺማት ከተማ ደግሞ በ2023 መግቢያ ላይ መሬቱ እየሰመጠ ከ800 በላይ ሕንፃዎች ተሰነጣጠቁ። ከተማዋ በጥንታዊ የመሬት ናዳ ክምር ላይ መቆሟን እና ከባድ ግንባታ እንደማያዋጣት አንድ የመንግሥት ኮሚቴ ያስጠነቀቀው በ1976 ነበር።

ቴህሪ ግድብ 260.5 ሜትር በመርዘም ከሕንድ ግድቦች አንደኛ ነው፤ ዋናው የዓባይ ግድብ ቁመት 145 ሜትር መሆኑን ላሰበ ግዝፈቱ ይገባዋል። ኃይሉ ለሰሜን ሕንድ ግዛቶች፣ ውሃውም እስከ ዴልሂ ይደርሳል። ጥንታዊቷ የቴህሪ ከተማ ግን በሐይቁ ሥር ቀርታለች፤ ነዋሪዎቿም በአዲስ ከተማ እና በሜዳው ሰፈሩ። ተራራው ውሃ፣ ኃይል እና ወታደር ለሜዳው ሲሰጥ ኖሯል፤ በምላሹ ያገኘው ቋሚ ሥራ ግን ጥቂት ነው።

የተለየ ግዛት ይሁንልን ብለው የታገሉት ሰዎች ዋና ከተማው በተራራው መካከል በምትገኘው ጋይርሳይን እንዲሆን ይሹ ነበር፤ መንግሥት ከተራራው ሰው ጋር እንዲኖር። እ.ኤ.አ. በ2020 ጋይርሳይን የሞቃት ወራት መዲና ተብላ ታወጀች፤ ይህም ዛሬ ከፈተና ጥያቄዎች አንዱ ሆኗል። የግዛቷ ምክር ቤት በዓመት ለጥቂት ቀናት ወደዚያ ይወጣል። ስብሰባው ሲያበቃ ባለሥልጣናቱ ተጠቅልለው ወደ ዴህራዱን ይወርዳሉ። መሥሪያ ቤቶቹ ያሉት እዚያው ዴህራዱን ነው፤ የቅጥር ማስታወቂያውም የሚወጣው ከዚያው ነው።