ለቻይና የተፈቀደው፣ ለኢትዮጵያ የተከለከለው

ለባዕድ አገር የዘመቱ ተዋጊ አብራሪዎች ታሪክ ሁሌም በአንድ ዜማ ይነገራል፤ ደፋር ወጣት፣ የሰው አገር፣ የልብ ጥሪ። «ፍላይንግ ታይገርስ» የተባሉት አሜሪካውያንም ለቻይና የዘመቱት እንዲሁ ነው ይባላል። ድፍረታቸውን አልክድም። ዳሩ ግን ቻይና ያደረሳቸው ድፍረት ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1941 ከአሜሪካ ጦር እየለቀቁ የተመለመሉት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እያወቁና እየፈቀዱ ነው። በወረቀት ላይ የአንድ አውሮፕላን ኩባንያ ቅጥረኞች ነበሩ። ለብዙዎቹ ደመወዙ በወር 600 ዶላር፣ ለጣሉት የጃፓን አውሮፕላን ጉርሻው 500 ዶላር ነበር። 100 ያህል ፒ-40 ተዋጊ አውሮፕላኖችም ከአሜሪካ ተላኩላቸው።

ከዚያ 6 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጣሊያን ስትወረን፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ለመዝመት ተነሥተው ነበር። መንግሥታቸው ለባዕድ ጦር መመልመልን የሚከለክለውን የ1818 ሕግ መዝዞ አስቀራቸው። በ1935 የወጣው የገለልተኝነት ሕግ ደግሞ ለሁለቱም ተፋላሚዎች መሣሪያ መሸጥን አገደ። ጣሊያን አውሮፕላን የምትሠራበት ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። የዚህ ገለልተኝነት ዱላ በማን ጀርባ ላይ እንዳረፈ መናገር ያስፈልጋል?

ሾልከው ከደረሱልን አንዱ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው፤ ከቺካጎ የመጡ አብራሪና የበረራ መምህር። የአየር ኃይላችን አዛዥም ሆኑ። ተረቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የጣሊያንን አውሮፕላን በሰማይ እያሳደዱ ሲጥሉ ይተረክልናል። በምናቸው? በእጃቸው የነበሩት ጥቂት፣ ለአየር ውጊያ ያልታጠቁ አውሮፕላኖች ነበሩ። መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ሲያመላልሱ የጠላት ተዋጊ ቢገጥማቸው ያላቸው አማራጭ ማምለጥ ብቻ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነበሩ።

ለእኔ ያለ መሣሪያ መብረር ከተረቱ የበለጠ ጀግንነት ነው። ተረቱ የሚጠቅመው ሮቢንሰንን ሳይሆን ከልካዮቹን ነው፤ ተዋጊ አውሮፕላን ነበረን ካልን፣ ማን ከለከለን ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ደግሞም ብቻቸውን አልበረሩም። ከጦርነቱ በፊት የሠለጠኑትን አብራሪዎች፣ ሚሽካ ባቢቼፍንና አስፋው አሊን፣ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1944 ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞተው የተቀበሩትም አዲስ አበባ ነው። ስለ እርሳቸው የምትጽፉ ሁሉ፣ ያልጣሉትን አውሮፕላን አትቁጠሩላቸው። ያስተማሯቸውን ጻፉ፤ ከስማቸው ጎንም ያንን የገለልተኝነት ሕግ ጻፉት።